ከይሉኝታ ሸሽተን ጆርጂያ ገባን

አገር ቤት ሳለን የተነገረን አሜሪካ ማለት ማንም ማንንም ዞር ብሎ የማያይበት አገር እንደሆነ ነው። ጎረቤትህን ሳታውቅ ሃያ ዓመት ትኖራለህ አሉን። እንደ ማስፈራሪያ ነበር የሚያወሩት። ግማሾቻችን ግን እውነቱን ለመናገር የመጣነው ለዚሁ ነው። ዶላሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከእድሩ፣ ከማኅበሩ፣ «ምነው ሳትጠሩኝ?» ከሚለው ኩርፊያ ትንሽ አረፍ ለማለት። ቦስተንና ሲያትል የሄዱት ምናልባት ተሳክቶላቸው ይሆናል። እኛ ጆርጂያ ገባን።

ጆርጂያ ይሉኝታ አለ። ያውም የኛን የሚያስንቅ።

እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ከተጋጨህ አለቀልህ። ሙቀቱን አብራችሁ ታማላችሁ፣ የልጆችህን ዕድሜ ትጠየቃለህ፣ ቲማቲም አመራረጥ ትመከራለህ፣ ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ልብ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ ወይ አይደለም የሚሉህ። እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። «ኦርቶዶክስ» ስትል ፊታቸው ፈካ ይላል፤ «አሃ፣ ግሪክ ነህ?»

እሁድ ላይ ቀልድ የለም። በጆርጂያ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ እሁድ ቀን ከሱቅ ቢራ መግዛት አይቻልም ነበር። ያኔ ሕጉ ሲላላ ጉዳዩ በየከተማው ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ የተፈቀደውም በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 ጀምሮ ነበር። ሰባኪው «አሜን» ካሉና ሰው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ከቅዳሴ መልስ ጠላ ቤት ጎራ ሲል ለኖረ ሕዝብ ይህን ሕግ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለቤቴ ስትወልድ እማዬ ልታርሳት ከአዲስ አበባ መጣች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ናቸው፣ የለየላቸው ባፕቲስት። (የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ የተመሠረተው እዚሁ ጆርጂያ፣ ኦገስታ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ከሰሜኖቹ የተጣሉበት ጉዳይ ባርነት ስለነበር ስለ አመሠራረቱ በምሳ ሰዓት ማንም አያነሳም።) እዚህ ሰው ሲወልድም ሲሞትም ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። አሮጊቷም በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዘው መጡ፤ ሳህኑ ትልቅ፣ ከባድ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው ነው።

እማዬ ፎይሉን ገለጥ አደረገች። ጎመን! በደንብ የበሰለ፣ ወዙ ጢም ያለ ጎመን። «እነዚህም ይጾማሉ እንዴ?» አለችና ምርቃት ጀመረች። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ተመረቁ፣ ቋንቋው ባይገባቸውም ምርቃት መሆኑን አላጡትም። ከሄዱ በኋላ እንጀራ ተዘረጋ። እማዬ በጭልፋ አንዴ ቆንጠር፣ ሁለተኛ ስትጠልቅ አንድ ነገር ያዘች። አወጣችው። ጠቆር ያለ፣ በጢስ የታሸ፣ ቆዳው እንዳለ፣ መሀሉ አጥንት።

«ይሄ ምንድነው?»

ማንም አልመለሰም። የአሜሪካ ደቡብ ሰው ጎመንን ያለ አሳማ እግር አይቀቅልም፣ ይህን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል። አማተበች። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ «ጎመን በጤና» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ጎመን በአሳማ ግን በየትኛውም ተረት ውስጥ አላጋጠማትም።

ትልቁ ችግር ግን ሳህኑ ሆነ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። እማዬ ድፎ ጋገረችና በዚያው ሳህን ላከች። እዚህም ያው ደንብ መኖሩን ማን ይወቅ! በሁለተኛው ቀን ሳህኑ ኮብለር የሚሉትን በኮክ ፍሬ የተጋገረ ጣፋጭ ተሸክሞ ተመለሰ፣ ቅቤው ከላይ ያብረቀርቃል። እማዬ ጾመኛ፣ አራሷ «ስኳር ይጎዳሻል» የተባለች፤ ኮብለሩን ማን ጨረሰው አትበሉኝ። ሳህኑ ዳቦ ቆሎ ይዞ ሄደ። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይዞ መጣ። እማዬ አገሯ ተመልሳ እንኳን በስልክ ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ልጁ አይደለም፦ «ሳህኑ አሁን እነማን ጋ ነው?»

እማዬ በሁለት ነገር ግን ደቡቦችን አድንቃ አትጠግብም። አንደኛው፣ አስከሬን የሚሸኙ መኪናዎች ሲያልፉ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰው ሁሉ መኪናውን ዳር አስይዞ መቆሙ። የማያውቁት ሰው ነው እኮ የሞተው። «እነዚህስ ሰው ናቸው» አለች፣ ከእሷ አፍ ይህ ማዕረግ ነው። ሁለተኛው የልጆቹ ነገር። እኛ ወላጆች አንቱታን ማስተማር አቅቶን፣ በየቡናው ላይ «ልጆቻችን ሥርዓት አጡ» እያልን ስናለቅስ፣ ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት «የስ ማም»፣ «ኖ ሰር» ለምዶ መጣ። አያቱን «የስ ማም» ሲላት እጁን ያዘችና ለእኔ «አየህ!» አለችኝ።

አሁን ደግሞ እህቴ ልጇን ለጆርጂያ ተወላጅ ልትድር ነው። ልጁ ሽማግሌ ልኮ፣ ጨዋ ቤተሰብ ነው ተብሎ፣ እሺ ተባለ። ሃይማኖቱን ተስማሙ፣ ስለ ምግቡም ተስማሙ። ቀኑ ላይ ሁሉም ነገር ቆመ።

የኛ ወገን «ጥቅምት» አለ። የሙሽራው አባት ሳል ሳል አሉ። በጣም በትሕትና፣ ስለ ቤተሰባችን ያላቸውን ክብር ገልጸው፣ ስለ ሙሽራዋ ቁንጅና ተናግረው፣ ዙሪያውን ዞረው፣ በመጨረሻ ቅዳሜ መሆኑ ትንሽ እንደሚያስቸግር ጠቆሙ። የኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካው ኳስ) ወራት ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጆርጂያ ከፍሎሪዳ ይገናኛል። እማዬ በስልክ ይህ ሲተረጎምላት «ከፍሎሪዳ ጋር ጠብ አላቸው?» አለች። አላቸው።

እንግዲህ ቁጠሩ። እኛ በጾም አንሰርግም፣ እነሱ በኳስ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር የእነሱ ነው። ወዲያው ጾመ ነቢያት ይገባል። ጥር ጥሩ ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ጥር አትላንታ ላይ ሁለት ኢንች ገደማ በረዶ ጥሎ ሰው መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ካደረ ወዲህ የሙሽራው እናት ጥርን አያምኑም። ከዚያ ዐቢይ ጾም። ከፋሲካ ማግስት የጥዱ ብናኝ ከተማውን ቢጫ ቀብቶ ሙሽራዋን በማስነጠስ ይገድላታል። ግንቦትን እማዬ ከለከለች፤ «በግንቦት ማን ይዳራል?» ሰኔ የሐዋርያት ጾም ነው። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ።

ሐምሌ ቀረ። ሐምሌ በጆርጂያ ጾም የለም፣ ኳስ የለም፣ የሚተነፈስ አየርም የለም። ድግሱ ደግሞ ደጅ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቻችን ካባ እንደሚለብሱ የሰሙት የሙሽራው አባት ደንገጥ ብለው መፍትሔ አመጡ፦ ከቤተ ክርስቲያናቸው የእጅ ማራገቢያ በካርቶን ሊያመጡልን ነው፣ ለሁሉም እንግዳ የሚበቃ። በደቡብ የቆየ ልማድ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የጌታ ሥዕል አለው፣ በጀርባው ደግሞ ማራገቢያውን በነፃ አሳትሞ የሚያድለው ድርጅት ማስታወቂያ። ድርጅቱ የቀብር አስፈጻሚ ነው።

እህቴ ይህን ለእማዬ እስካሁን አልነገረቻትም። ጀርባው ላይ የአበባ ተለጣፊ ለመለጠፍ አስበናል።