የድሬ ልጆች፣ ሳጥኑን ለቁራሌው አትስጡት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር አንድ በር ላይ ቁራሌው ጋሪውን አቁሞ ዋጋ ሲከራከር ደረስኩ። አንዲት ወጣት የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ወጥታለች። ያው እናቶቻችን አልጋ ሥር የሚያስቀምጡት፣ ክዳኑ ላይ አበባ የተሳለበት። ቁራሌው የፈለገው ሳጥኑን ብቻ ነው። ውስጡ ያለውን ደፍቶ ባዶውን ጋሪው ላይ ጫነው።

መሬት ላይ የተደፋው ፎቶ ነበር። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ፣ ጥቁርና ነጭ። የምድር ባቡር መታወቂያም አለ። ሁለት የነሐስ የኮት ቁልፍም አለ። «የማነው?» አልኳት። «የአያቴ። አርባው ወጣ፣ ቤቱን ልናከራየው ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ፎቶ አነሳሁ። ሦስት ወንዶች ባቡር ፊት ቆመዋል። የመሃለኛው እጅ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

«እነማን ናቸው?»

«መሃል ያለው አያቴ ነው። ሌሎቹን እሱ ነበር የሚያውቃቸው።»

እሱ ነበር የሚያውቃቸው። ይቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም።

በልጅቷ አልፈርድም። እኔም ከዓመታት በፊት ቤት ስንቀይር የአባቴን ኔጋቲቮች «ምን ይሠራል» ብዬ ከቆሻሻ ጋር ያወጣሁ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን ቁጭት ብቻውን ምንም አያተርፍም። ስለዚህ ልናገር፣ እናንተም ስሙኝ።

ድሬ ድሬ እንላለን። የበረሃ ንግሥት፣ የፍቅር ከተማ እንላለን። የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ሌላ ከተማ ስንኖር «የድሬ ልጅ ነኝ» ስንል ደረታችን ይነፋል። አቦ፣ ታዲያ ይቺን የምንወዳትን ከተማ እንዴት በኪሎ እንሸጣታለን?

ነገሩ ለኛ ከሌላው የባሰ ነው። ጎረቤታችን ሐረር የጁገል ግንብ አላት፣ በየቤቱ የኖረ የእጅ ጽሑፍ አላት። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ድሬ የተወለደችው ካሜራ ከመጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ዜና መዋዕል የጻፈላት የለም። ያላት ፎቶ ነው። የደሞዝ ደረሰኝ ነው፣ የባቡር ቲኬት ነው፣ የፋኖስ እጀታ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ አንድ ሰፈር መኖሩን የሚመሰክረው የአንድ ሰርግ ፎቶ ነው። እሱ ከጠፋ ለልጆቻችን የሚቀረው ወሬ ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር እንኳ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። የዛሬ ልጅ የባቡር ጥሩምባ ከዚራ መሃል ሲጮህ እንደ ድሮው አይሰማም።

«የኛ አልበም ለማን ይጠቅማል?» የሚል አለ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። አንድ የማውቀው ሰው ቤቱም እናቱም በዚያ ሌሊት ሄዱ። የእናቱ አንድም ፎቶ አልተረፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት የድሮ ጎረቤታቸው የሰርግ አልበሟን ስታገላብጥ ጥግ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ትሪ ይዛ የምታልፍ ሴት አየች። እናቱ ናት። ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ሰውየው ያቺን ጥግ አስጎልቶ ሳሎኑ ሰቅሏታል። የናንተ አልበም ውስጥ የማን እናት እንዳለች አታውቁም። አትጣሉት።

ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ በ1875 ዓ.ም. ሐረር ሆኖ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ፎቶው እንደነጣበት በደብዳቤው ጽፏል። ያ የነጣ ፎቶ ዛሬም አለ። ነጥቷል ብሎ የጣለው የለማ!

መንግሥት ሙዚየም ይሥራ ማለት ቀላል ነው። ይሥራ፣ እኔም እላለሁ። ግን ሐረር ያሉት አብዱላሂ ሸሪፍ ማንንም አልጠበቁም። የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የድሮ የዘፈን ቅጂ እየለቀሙ መጀመሪያ ገዛ ቤታቸው አከማቹ። የተጎዳ መጽሐፍ መጠገንና መደጎስ ራሳቸውን አስተማሩ። ከተማው በኋላ የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሥራው የተጀመረው ግን ከአንድ ሰው ሳሎን ነው። የኛስ ሳሎን ምን ሆነ?

ደግሞ ቅርስ ለመንገደኛ የምትሸጡ፣ ተዉ። ነውር ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ለፊት ይወጣል። ላሚኔት አታስደርጉ፣ ሙቀቱና ሙጫው አንዴ ከያዘው አይላቀቅም። ፕላስተርም አትለጥፉበት። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥም። ውስጠኛው ክፍል፣ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይሁን። በስልክ ስታነሱት መስኮት አጠገብ አንሱት፣ ፍላሽ አታብሩ። ስልክ ላይ አለ ብላችሁ ዋናውን እንዳትጥሉት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

ከሁሉም በፊት ግን ሰው ይቀድማል። ወረቀቱ ሌላ አምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ግን ሰማንያ አልፏቸዋል። ዛሬ ከሰዓት ጫት ቤት ከምትውሉ፣ አልበሙን ይዛችሁ አያታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ። ቡና ይፈላ። የስልኩን መቅጃ ክፈቱና መሃል ላይ አስቀምጡት። «ይቺ ማናት?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ፣ አታቋርጧቸው። ከአንድ ፎቶ ስንት ወሬ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ሱቅ የማን እንደነበር፣ ከፊራ ገበያ ድሮ ምን ይሸጥ እንደነበር ሁሉ ይመጣል።

የዚያች ልጅ ፎቶዎች ተርፈዋል። ሁለታችንም ከመሬት ለቅመን ፖስታ ውስጥ ከተትናቸው። ትናንት ደግሞ የሦስቱን ወንዶች ፎቶ ይዘን ከዚራ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ወደሚቀመጡ የቀድሞ የባቡር መካኒክ ሄድን። መነጽራቸውን አደረጉ። በስተቀኝ ያለውን ወዲያው በስሙ ጠሩት፣ ልጅቷ ጻፈችው። በግራ ያለውን ግን ብዙ አዩት። ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው ቆዩ።

«ይሄ… እግሩን ትንሽ ያነክስ ነበር። ሲስቅ ጣቢያው ሙሉ ይሰማው ነበር። ስሙ… ይመጣልኛል። ነገ ተመለሱ» አሉን።

ዛሬ ከሰዓት እንሄዳለን። እርሳሱ ኪሴ ውስጥ ነው።