ትራምፔት ለመማር መለዮ መልበስ የግድ መሆን የለበትም

በመንዝ፣ በይፋት፣ በቡልጋ ወይም በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ትራምፔት መማር ቢፈልግ የት ይሂድ? ዛሬ ያለው መልስ «አድገህ ተቀጠር» የሚል ነው። ወታደር ወይም ፖሊስ ይሆንና ዕድል ከቀናው ማርሽ ባንድ ውስጥ ይመደባል፤ አለዚያም ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ይወርድና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በር ያንኳኳል። በሁለቱም መንገድ መሣሪያውን የሚጨብጠው ካደገ በኋላ ነው። በሌላው ዓለም በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦን ወይም ቱባ እየነፉ የሚኖሩ ባለሙያዎች ግን የእኛው ልጅ ገና መሣሪያውን በሚጨብጥበት ዕድሜ ለሥራ ፈተና መቅረብ የጀመሩ ናቸው። የእኛ ልጆች ውድድሩን የሚሸነፉት ሳይጀምሩት ነው፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

እንዲህ የሆነው የናስ መሣሪያ የተስፋፋው በመለዮ ለባሹ በኩል ስለሆነ ነው። መንፋት ራሱ ለሸዋ አዲስ አይደለም፤ አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ነጋሪት ይጎሰም፣ እምቢልታና መለከት ይነፋ ነበር። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ግን ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ መጥተው የአንጎለላው ተወላጅ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገቡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ በናስ ባንድ ሲጫወቱ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የሀገሪቱን ትንፋሽ ተጫዋቾች አፈሩ። ውለታቸውን አልረሳም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ ሲያዳክም፣ ኪቦርድም የትንፋሹን ቦታ ሲወስድ፣ ከመለዮው ውጭ የነበረው ጠባብ በር ይበልጥ ጠበበ።

የዚህ አካባቢ ሰው ከሚኮራባቸው ሙዚቀኞች አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወልደው፣ በባህል መሣሪያ ጀምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ያኔ 14 ዓመት ግድም ነበሩ። ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም የፖሊስ ኦርኬስትራ መጣ። ሽለላን በሳክስፎን ሲያስፎክሩት የሰማ ሰው አይረሳውም። (ሳክስፎን ከናስ ቢሠራም «ሬድ» በሚባል ቀጭን የሸምበቆ ልጥ ስለሚነፋ ባለሙያዎቹ የሚመድቡት ከክላሪኔት ወገን ነው።) እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ በር የከፈተላቸው ማዘጋጃ ቤት መሆኑ ነው። አንድ ከተማ ለአንድ ጎረምሳ መሣሪያ ሰጥቶ የሚያሠራበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ለምን በልጅነት? ትራምፔት ሦስት መጫኛ ብቻ አለው። ምንም ሳይጫን በከንፈር ውጥረትና በትንፋሽ ፍጥነት ብቻ ዶ፣ ሶል፣ ከፍ ያለ ዶ፣ ሚ፣ እንደገና ሶል ይወጣል። ፒያኖ ቁልፉን የነካ ሰው ድምፁን ያገኛል፤ የናስ ነፊ ግን ድምፁን አስቀድሞ በጆሮው ካልሰማ ከንፈሩ ይስታል። ለዚህ ነው ሥልጠናው በየዕለቱ ከአንድ ረጅም፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ የሚጀምረው፤ ከዚያ ጣት ሳይንቀሳቀስ ከድምፅ ወደ ድምፅ በከንፈር መንሸራተት፣ ከዚያ የምላስ፣ ከዚያ የትንፋሽ ልምምድ። የከንፈር ጡንቻ በችኮላ አይገነባም፤ ያለ ልክ ያሠራ ይጎዳዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፦ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ ናስ ድምፁ ዝቅ ይላል። ነፊው መጀመሪያ በሞቀ ትንፋሹ መሣሪያውን ማሞቅ አለበት።

ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር ከ1944 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ቱባ የነፋው አርኖልድ ጃኮብስ አስም ያስቸግረው ነበር። ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ዋና ነገር ዜማውን በውስጣቸው እንዲዘምሩና ትንፋሹን እንዲለቁት ነበር። እዚህ ላይ የእኛን ዜማ ቤት አስባለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በየደብሩ ቃለ ዜማውን ከመምህሩ አፍ በጆሮው ተቀብሎ፣ ዓመታት እየደጋገመ የሚያደርስ ልጅ አለ። የናስ መምህር ለማሠልጠን የሚደክምበትን ጆሮ ይዞ ያደገ ልጅ ነው። ትዕግሥቱም አለው።

ሥራው ግን ጥቂት ነው፤ ይህን ለወላጅ መደበቅ ተገቢ አይደለም። በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ስድሳ ያህል ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ሲቀመጡ፣ ናሱ ብዙውን ጊዜ አራት ሆርን፣ ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦንና አንድ ቱባ ነው። ጃኮብስ ያችን አንዷን የቱባ ወንበር 44 ዓመት ይዟታል። ፈተናው አጭር ነው፤ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ይነፋል። መጋረጃው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሙኒክ ውስጥ ትሮምቦን ነፊዋ አቢ ኮናንት «አቶ» ተብላ ተጠርታ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነፍታ ከ33 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጣች። ሴት መሆኗ ሲታወቅ በኋላ ወደ ሁለተኛ ወንበር አወረዷት፤ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟግታ መብቷን አስከበረች። እዚህም ትራምፔት የወንድ ነው የሚል ሰው ስለማይጠፋ ይህን አነሳሁ። ሴት ልጆቻችን ከመጀመሪያው ቀን እኩል ይመዝገቡ።

«እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው በሀብታም ቤት ነው» የሚለኝም ብዙ ነው። የፈረንሳዩ ሞሪስ አንድሬ፣ ከዘመኑ ታላላቅ ትራምፔት ነፊዎች አንዱ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ እሱም በጉርምስናው ለዓመታት ማዕድን ውስጥ ሠርቷል። የፓሪሱን ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) በነፃ ለመማር ወታደራዊ ባንድ ገባ። ልብ እንበል፦ መለዮው ለእሱ ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባ በር ሆነለት እንጂ የመንገዱ መጨረሻ አልሆነም። በእንግሊዝ ደግሞ ብላክ ዳይክ የተባለው የናስ ባንድ በ1855 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው በአንድ የሱፍ ፋብሪካ ነው። በዚያ ባንድ ትራምፔት መሰሉን ኮርኔት ይነፋ የነበረው ሞሪስ መርፊ ከ1977 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የለንደን ሲምፎኒ ዋና ትራምፔት ሆኖ ሠርቷል።

የሱፍ ፋብሪካ! ደብረ ብርሃን ሱፍና ብርድ ልብስ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት፤ ዛሬ የቢራ ፋብሪካም፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። አንድ የልጆች የናስ ባንድ ማቆም ከአቅሟ በላይ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

በጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ክልል ስለ ትራምፔት ማውራት ቅንጦት ይመስላል የሚል ሰው ይኖራል። ሕመሙ ይገባኛል፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን ልጅ ከቤት ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር በሰላም የሚውልበት ነገር ያነሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሙዚቃ ፈልጎ ጠመንጃ የሚይዝበትን መንገድ ብቻ ትተንለት «ቅንጦት ነው» ማለት አንችልም።

መምህር አለን። ከመከላከያና ከፖሊስ ባንድ በጡረታ የወጡ፣ ኖታ የሚያነቡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነፉ ሰዎች በየከተማው ተቀምጠዋል፤ ዕውቀታቸውን የሚጠይቃቸው ግን የለም። ለመጀመር አሥር መሣሪያ ይበቃል፦ አራት ትራምፔት፣ ሁለት ሆርን፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት የመሣሪያው ክፍል) ይገዛ፤ እሱ በጋራ አይነፋም። የመጫኛ ዘይትና የጥገና ገንዘብ ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ፣ አለዚያ በሁለተኛው ዓመት መሣሪያው መጋዘን ይገባል። ምልመላው ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል፣ ከገጠር ቀበሌዎችም ጭምር ይሁን። ጎበዝ ሆነው የሚወጡት ደግሞ ያሬድን የሚፈተኑበት የትራንስፖርትና የማደሪያ ድጋፍ ይታሰብላቸው። የከተማ አስተዳደሩ አንድ ክፍል ቢሰጥ፣ ፋብሪካዎቹ መሣሪያውን ቢካፈሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቅዳሜና እሑድ ቢከፈት፣ በመጪው ክረምት ትምህርቱ ሊጀመር ይችላል።