የሐዋሳ ሰዎች፣ ወዴት ነው የሚወስደው?

የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር እንዳይላችሁ፤ ቁጣው ለእኔም ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። አንድ ወጣት ባጃጁን እስከ ፊላው አስገብቶ በኦሞ ያጥባል። የፊት ጎማው ውሃ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ አንድ ባልዲ ሲደፋበት፣ ዘይት የተቀላቀለበት አረፋ እየተብለጨለጨ ወደ ቄጠማው ሥር ገባ።

«ወንድሜ፣ ከፍ ብለህ ብታጥበውስ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ይወስደዋል» አለኝ።

ወዴት ነው የሚወስደው? እስቲ ንገሩኝ። ጣና ዓባይን ያወጣል። ዝዋይ ቡልቡላን ያወጣል። የእኛ ሐይቅ ግን የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ይገባበታል፤ በክረምት ጎርፉ ይገባበታል፤ አለቀ። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ዘይቱንና ፌስታሉን ግን አታተንም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 22 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ትሪ በሉት።

ዳር ዳሩን የከበበውን ፊላና ቄጠማ ደግሞ እንደ ጠላት ነው የምናየው። «የትንኝ ቤት» እንለዋለን። እይታ ይከልላል ብለን እንመነጥረዋለን፣ አፈር እንደፋበታለን፣ ከዚያ ወንበር ደርድረን ቢራ እንሸጥበታለን። ያ ዳር ግን የሐይቁ ኩላሊት ነው። ጎርፉ ሲመጣ ያዘገየዋል፤ ደለሉ እዚያው ይቀመጣል። ከእርሻ የወረደውን ማዳበሪያ ሥሩ ይመጠዋል። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ለአልጌ ቀለብ ይሆናል። አልጌው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይታፈናል።

ቆሮሶ የምንላት ዓሣም የምትራባው እዚያው ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው። አንድ ቀን አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ዓሣ ከሚገፍፉት ልጆች አጠገብ ቆሜ ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ልጁ አንዷን ቆሮሶ ሲያነሣ ከአፏ ቢጫ ፍሬ ዱብ ዱብ አለ፤ የማሽላ ፍሬ ያህላል። እንቁላሏ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ልጆቿን እስክታሳድግ ምግብ እንኳ በቅጡ አትበላም። እኛ ደግሞ ዓይኑ በጠበበ መረብ ከነልጆቿ እንጎትታትና ማታ «ለብለብ አርገህ አምጣልኝ» እንላለን። ከመዳፍ የማትበልጥ ቆሮሶ ሳህን ላይ ስትቀርብላችሁ ለምን ዝም ትላላችሁ? በርበሬው ሲያንስ እኮ ትጮኻላችሁ።

(ለቡና የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ አልተቃወምኩም። እናቶቼ ይገድሉኛል። አንድ እቅፍ ማጨድና በኤክስካቫተር ከነሥሩ መንቀል ግን ለየቅል ናቸው።)

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ልጄ ትንሽ እያለች ከጉሬዛ ጋር ፎቶ እንድትነሣ ብዬ ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበር። ጉሬዛው ወርዶ ከእጇ ወሰደ፤ እሷ ሳቀች፤ እኔ ደስ አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ እንደ ከብት ሆድ ክፍል ክፍል ያለው፣ ቅጠሉን እያብላላ የሚፈጭ ነው። ዳቦና ብስኩት ያንን ሆድ ያበላሸዋል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ደግሞ መንጠቅም ይለምዳል። ከዚያ «ጦጣው ነከሰኝ» ብለን ድንጋይ እናነሣለን። ማን አስለመደው? እንደ ባርኔጣ በተዘረጋው ሾላ ጥላ ሥር ጫታችንን ቅመን ገረባውን ከነፌስታሉ ጥለን የምንሄደውም እኛው ነን።

«ይህ ሁሉ ምንም አያመጣም» የሚለኝ ካለ ወደ ጨለለቃ ይሂድ። ከከተማው በስተምሥራቅ ነው። ትልልቆቻችን ሐይቅ ሆኖ ያውቁታል። ደጋው ተመነጠረ፣ ደለሉ ወረደ፣ ጨለለቃ ሞላ። ዛሬ ረግረግ ነው፤ ሲደርቅ ከብት ይግጥበታል። ጥቁር ውሃ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ጨለለቃ ይቀበለው የነበረውን ደለል አሁን ማን ሊቀበለው ነው?

አውቃለሁ፣ ፋብሪካው አለ ትሉኛላችሁ። አለ። ሳያጣራ የሚለቅ ካለ በሕግ ይጠየቅ፤ በዚህ አልከራከራችሁም። ግን የፋብሪካውን ጥፋት እንደ ፈቃድ ወረቀት ኪሳችን ይዘን መዞር የለብንም። ሥራ አስኪያጁ በበጎ ዓይን ቢያየን እንኳ፣ እኛ ስንጥል ካየን «እነሱስ?» ማለቱ አይቀርም።

ባለባጃጆች፣ የጠየቅኳችሁ ከባድ አይደለም። ውሃውን በጄሪካን ቀድታችሁ ከዳር ራቅ ብላችሁ እጠቡ። አፈሩ የተወሰነውን ይይዘዋል። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ፊላውን ተዉት፤ እንግዳ ወፍ ማየት ይወዳል፤ ወፏ ደግሞ ያለ ፊላ አትመጣላችሁም። ዓሣ የምትገዙ፣ ትንሿን መልሱ።

ያንን ወጣት ይህንኑ ብዬው ነበር፣ ስለ ጄሪካኑ። ራሱን አከከና ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ቢጫ ጄሪካን አወጣ። ለካ ይዟል።

«ታዲያ ይኸው አለህ!» አልኩት።

«ይሄማ የቤት ነው ጋሼ» አለኝ። «ቧንቧ ሲጠፋ እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ከዚሁ ነው የምቀዳላት።»