ሰርዶ የሚያራባው ማሽን
ሜሪላንድ ውስጥ ከቤቴ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ በማለማበት ቁራሽ መሬት ላይ አረም እንዲያጠፋልኝ የያዝኩት አሮጌ ሮቶቲለር (በሞተር በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያርስ ማሽን) ከአረሙ ይልቅ እኔን እያጠፋኝ ነው። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ከርሞ በፀደይ ገመዱን ስስበው ያስላል እንጂ አይነሳም፤ ምክንያቱም እዚህ አገር በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል የተቀላቀለበት በመሆኑ እርጥበት ይስባል፣ ቆሞ ሲቆይም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ሙጫ በሚመስል ዝቃጭ ይደፍነዋል። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀይሬ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጥቤ፣ ቺንጋውን አጥብቄ ሳበቃ ደግሞ የማርሽ ሳጥኑ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። መለዋወጫ ሻጩ ሞዴሉ መመረት ስላቆመ አዲስ ማሽን ግዛ ይለኛል፤ ለአንዲት የጎማ ቀለበት ሲባል!

ይህ ሁሉ ታልፎ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ፣ ሰርዶ ያለበትን መሬት በዚህ ማሽን ማረስ ሰርዶ ከመዝራት አይለይም፤ ቢላዎቹ ከአፈር በታች የሚሄደውን ግንድ ይከታትፉታል፣ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ደግሞ ራሱን ችሎ ሊበቅል ይችላል። ጠለቅ አድርጌ ባርስ ለዓመታት ተቀብሮ የተኛው የአረም ዘር ወደ ላይ ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ይነቃል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲጭር ሳስተካክለው ደግሞ፣ እንደ ፈረጠጠ በቅሎ እየዘለለ ወደ ጎመኑ መደብ ይጎትተኛል። በዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሰርዶ፣ ለደኅንነት የካንዴላውን ሽቦ ነቅዬ፣ ተንበርክኬ በቢላ እየቆረጥኩ ባለሁበት ሰዓት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ መቼ እንደማውሰው ይጠይቀኛል።