ክሩገራንድን ማን ሜዳልያ አደረገው?

ሰሞኑን አንድ የመታሰቢያ ወርቅ ሻጭ ለጀማሪ ሰብሳቢዎች ምክር ሲሰጥ ሰማሁ። «ቀላል ነው» አለ፤ «የገንዘብ መጠን ከተጻፈበት ሳንቲም ነው፣ ካልተጻፈበት ሜዳልያ።» በዚህም ሂሳብ ክሩገራንድ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ወርቅ ምንም ሳይመስለው ከሜዳልያዎቹ ጋር መደበው። ጉድ ነው!

እስቲ ክሩገራንዱን አገላብጠን እንየው። በአንድ በኩል የቀድሞው የትራንስቫል (ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ክፍል) ፕሬዚዳንት ጺማሙ ፖል ክሩገር፣ በሌላው ስፕሪንግቦክ የምትባለው ሚዳቋ አለች። አንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ እንዳለበትም ተጽፏል። ይህን ያህል ራንድ (የአገሩ ገንዘብ) የሚል ቁጥር ግን የለም። ታዲያ ምን ይሁን? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ስታወጣው ሕጋዊ ገንዘብ ብላ ነው። ቁጥሩ የቀረው ዋጋው የወርቁን ገበያ ስለሚከተል ነው።

ሶቨሪን የተባለው የእንግሊዝ ወርቅስ? ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ «አንድ ፓውንድ» የሚል ግን የትም የለበትም። በሕግ ግን አንድ ፓውንድ ነው። ከ1817 ጀምሮ ሰው ሲገበያይበት የኖረውን ገንዘብ፣ ቁጥር አጣንበት ብለን ሜዳልያ ልንለው ነው?

አንዳንዱ ደግሞ «የመንግሥት ማምረቻ ከሠራው ሳንቲም ነው» ይላል። ይሄም አያስኬድም። አሜሪካ ከ1980 እስከ 1984 ድረስ በራሷ ማምረቻ የማርክ ትዌይንና የሌሎች የጥበብ ሰዎች መልክ ያለባቸው የወርቅ ክቦች ሠርታለች። ገበያው ፊት ሲነሳቸው ጠርዛቸው እንደ ሳንቲም ጥርስ እንዲኖረው ተደረገ፣ የአገሪቱም ስም ተጨመረ። ጥርስም ወጣላቸው፣ ስምም ተሰጣቸው፤ ሕጉ ገንዘብ ናችሁ ስላላላቸው ግን ሜዳልያ ሆነው ቀሩ። በ1986 የወጣው ኢግል የተባለው የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም ግን 50 ዶላር የሚል ጽሑፍ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው አንድ አውንስ ወርቅ ከ50 ዶላር እጅግ እንደሚበልጥ የማያውቅ ሰብሳቢ የለም። ቁጥሩ እንግዲህ ይሄን ያህል ነው የሚታመነው።

እሺ፣ ለጀማሪ ቁጥሩ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ግን ሰነፍ ካታሎግ አዘጋጅ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው መንግሥት፣ በየትኛው ሕግ «ገንዘብ ነው» አለው?

ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ኪስ ይነካል። በአውሮፓ ኅብረት ከ1800 በኋላ የተሠራ፣ ንጽሕናው ከሺህ 900 የማያንስና በአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ የሆነ ወይም የነበረ የወርቅ ሳንቲም፣ ዋጋው ከወርቁ ዋጋ በ80 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ነው። ሜዳልያ ይህ ዕድል የለውም። ደንቡ የሚጠይቀው ሕጋዊ ገንዘብነቱን እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይደለም።

ሻጫችን የሚለውን ከልቡ ካመነበት፣ አውሮፓ ሄዶ ክሩገራንዶቹን እንደ ሜዳልያ ታክስ ይክፈልባቸውና እንየው።