ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ስፔሻል»

ለክቡር ስፔሻል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልተሳፈሩ ሰዎች የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ሂሳብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። የተገናኘነው ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ቢስሊግ በምትባል ከተማ ነው። ሚንዳናኦ ደሴት፣ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ ፊቷን ለፓስፊክ ውቅያኖስ የሰጠች ትንሽ ከተማ። እኔ ያ ቦርሳ የተሸከምኩት ሰውዬ ነኝ። አዎ፣ ብቻውን የመጣው። ከዳቫኦ ተነስቼ ግማሽ ቀን በአውቶብስ ስንገላታ ቆይቼ ማንጋጎይ ወረድኩ። የከተማዋ ገበያና ግርግር ያለው እዚያ ነው። የቦርሳዬን ማንገቻ እንኳ በወጉ ሳላስተካክል ስምዎ ተጠራ።

«ስፔሻል፣ ሰር?» የባዶ መቀመጫዎቹንም ሂሳብ ችለህ ለብቻህ ትሳፈራለህ ወይ ማለት ነው።

አውቶብሱ ያመጣኝ አንድ ሰው ብሎ ቆጥሮ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ቲኬት። ከአውቶብሱ ስወርድ ግን በእርስዎ መዝገብ ባለብዙ ቤተሰብ ሆንኩ። ወደ ቲኑይአን ፏፏቴ የሚወስድ መደበኛ መኪና አላገኘሁም። ያለው ሞተር ነው፤ ሞተሩ ላይ ደግሞ እርስዎ ቀድመው ተቀምጠዋል። ሰዓት ለማይሞላ መንገድ የተጠየቅኩት ገንዘብ ግማሽ ቀን ካመጣኝ አውቶብስ በለጠ። መሄጃው፣ መጠበቂያው፣ መመለሻው፣ ሁሉም በእኔ ላይ።

አገሬ ላይ ኮንትራት የሚባል ዘመድ አለዎት። ቦሌም መርካቶም ተገናኝተናል። እሱ ቢያንስ ክርክር ይወዳል። እርስዎ ግን ዋጋዎን ይናገሩና ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። በፈገግታ የተዘረፈ ሰው ለማን ይጮኻል? ስፔሻል ፉል ሳዝ እኮ እንቁላልም አቮካዶም ይጨመርልኛል። እርስዎ ምን ጨመሩልኝ? ያው ሞተር፣ ያው አቧራ።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ እዚህ አገር መገኘትዎ ነው። ፊሊፒንስ ሁሉ ነገር በችርቻሮ የሚሸጥባት አገር ናት። ቲንጊ ይሉታል። ሳሪሳሪ የምትባለው የሰፈር ሱቅ ሄደው አንድ ፍሬ ሲጋራ፣ አንድ እንቁላል፣ ለአንድ ጊዜ መታጠቢያ የምትበቃ ሻምፑ ይገዛሉ። ዘይት ለአንድ ጥብስ ያህል ብቻ በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል። ቡናው ለአንድ ስኒ ተመጥኖ ከጣሪያው ላይ ይንጠለጠላል። ኢንተርኔት እንኳ በሳንቲም ነው! ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሳጥን አለች፣ ፒሶ ዋይፋይ የምትባል። አንድ ፔሶ ሲከቱባት ለጥቂት ደቂቃ ትከፍትልዎታለች፤ ሲያልቅ ሌላ ሳንቲም። እና ሻምፑ በፍሬ፣ ዘይት በፍሬ፣ ኢንተርኔት በፍሬ ሆኖ፣ መቀመጫ ብቻ በጅምላ የሆነው በማን ውሳኔ ነው?

ሞተሩ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም እንዳይሉኝ። ሀባል-ሀባል የሚሉት ይህ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ምን እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ። ሚንዳናኦ ገጠር ውስጥ ግራና ቀኙን ጣውላ ይገጥሙለትና ስካይላብ ይሉታል። ስሙ በ1979 ከሰማይ ከወደቀው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ የመጣ ነው ይባላል፤ ጣውላዎቹ ክንፍ ስለሚመስሉ። ክንፎቹ ላይ ተማሪ ይቀመጣል፣ የሩዝ ጆንያ ይጫናል፣ አያትም ይሳፈራሉ። አምስት ሰው ሲደረደርበት ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኔ ስመጣ ያ ሁሉ ቦታ የት ገባ?

መልሱን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። ሙሉውን ከፍዬ፣ እንደ ባለሥልጣን ተዝናንቼ ተቀምጬ፣ ከማንጋጎይ ገና ሳንርቅ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። ብብታቸው ሥር ለውጊያ የሚያድግ አውራ ዶሮ ይዘዋል። ባለሞተሩ ቆመ። ዘመዱ ይሁኑ ጎረቤቱ አልነገረኝም። እኔ ወደ ፊት ተጠጋሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ወጡ፣ ዶሮው ወገቤ ላይ ተደገፈ። ሽማግሌው ሲወርዱ ለባለሞተሩ ሳንቲም ጨበጥ አደረጉለት። ዶሮው በነፃ ሄደ። እኔ በእርሳቸው መጫን አልከፋኝም፤ ቢፈልጉ የዶሮ ቡድኑን በሙሉ ያምጡ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ያ ጉዞ ስፔሻል የነበረው ለእኔ ነው ወይስ ለዶሮው?

ባለሞተሩን አልወቅስም። ቤንዚን ውድ ነው። ከተማዋም ድሮ ፒኮፕ የሚባል ትልቅ የወረቀትና የእንጨት ፋብሪካ ነበራት፤ ከተዘጋ ቆይቷል። የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ዛሬ የሚታወቀው ወፍ ለማየት በሚመጡ ሰዎች ነው። ፋብሪካ በሌለበት ከተማ አንድ ሞተር ስንት አፍ እንደሚያበላ ይገባኛል። ደግሞ መንገድ ላይ ኮኮናት ገዝቶ ጋብዞኛል። ጠቤ ከእርስዎ ጋር ነው።

ፏፏቴውስ? 55 ሜትር ከፍታ፣ 95 ሜትር ስፋት። ውኃው ደረጃ በደረጃ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ከወጣች ቀስተ ደመና ይሠራል። «ከወጣች» ነው ያልኩት። በዚያ ዳርቻ በጋ የሚባል ነገር በወጉ የለም፤ ከኅዳር እስከ የካቲትማ ዝናቡ ይብሳል። ለእኔ ግን ወጣችልኝ። ቀስተ ደመናው በነፍስ ወከፍም በኮንትራትም አላስከፈለኝም። ገና ስላልደረሱበት መሰለኝ።

ወንድምዎ ኮቴጅ ግን ደርሶ ጠበቀኝ። ጣሪያና ጠረጴዛ ያላት፣ አንድ ቤተሰብ ከነዘመዱ የሚዘረጋባት መቀመጫ ናት። ብስኩት ለመብላት ያንን መከራየት! ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፊሊፒናውያን ፏፏቴ የሚሄዱት ከነልጅ ልጁ፣ ከነድስቱ፣ ከነካራኦኬው ነው። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። «ኢካው ራ ኡሳ?» አሉኝ አንዲት እናት፣ ብቻህን ነህ? ድምፃቸው ለቅሶ የደረሱ ነበር የሚመስለው። አዎ ስላቸው «ካኦን ታ!» ብለው ጎተቱኝ። እንብላ! ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኮምጣጤ በቃሪያ። ኮቴጁ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ግን ተጠጋጉና ቦታ ተገኘ። ማንም ሂሳብ አልጠየቀኝም። እርስዎ ያንን ቢያዩ ያምዎት ነበር።

ሂናቱዋን ላይም ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። አስማተኛው ወንዝ የሚሉት ያ ሰማያዊ ውኃ ያለበት ነው። እኩለ ቀን ላይ ለዓሦቹ ምግብ ይበተንላቸዋል፣ ከጥልቁ ግር ብለው ይወጣሉ። በመንጋ ነው የሚመጡት። ብቻውን የመጣ ዓሣ አላየሁም። ዋጋውን ሰምተው መሆን አለበት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ገንዘቡን መመለስ ከከበደዎት አልጨቃጨቅም። ቢያንስ የከፈልኩላቸውን ሰዎች ያስተዋውቁኝ። ሁለት ይሁኑ ሦስት፣ ስማቸውን ልወቅ። በእርግጥ ጨዋዎች ነበሩ። በመንገድ አላስቸገሩኝም፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው አልተጣሉም። ሞተር መስኮት የለውም፣ ቢኖረውም አይጣሉም ነበር። ብቻ አንዳቸው እንኳ ፎቶ አላነሱኝም። ፏፏቴው ላይ ያለኝ ፎቶ ሁሉ ግማሹ ፊቴ፣ ግማሹ ክንዴ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። ግን በየኪሳቸው።

ከሰላምታ ጋር
ብቻውን የመጣው ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለኮቴጅ ክፍያ
ለጀልባ ኪራይ
«ያለን የሁለት ሰው ክፍል ብቻ ነው» ለሚለው እንግዳ ተቀባይ
ለአውራ ዶሮው፣ እንዲያውቀው