ይድረስ ለክቡር «አርች ጫን»

ጉዳዩ፦ ጀማሪዎችን ከሊኑክስ በማስበርገግ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ አንድ ሰው «ለቤት ኮምፒውተሬ ለጀማሪ የሚሆን ሊኑክስ የትኛው ነው?» ብሎ ሳይጨርስ «አርች ጫን!» በማለት ለሚሰጡት ፈጣን አገልግሎት ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሥርዓት ነው፤ አርች፣ ሚንት፣ ኡቡንቱና ሌሎቹ «ስርጭት» የሚባሉ ዓይነቶቹ ናቸው።) ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ለሌላው ነውር ነው፤ ለእርስዎ ግን ሙያ ሆኗል። ሌላ መካሪ ቢሆን «ራሙ ስንት ነው? ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቱ ነው? ምን ልትሠራበት ነው?» እያለ ጊዜ ያባክናል። እርስዎ በሽተኛው የት እንደሚያመው ሳይናገር መድኃኒቱን አዘው ጨርሰዋል።

በተለይ ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ ገበያዎ እንደ ደራ እንረዳለን። ማይክሮሶፍት በዚያ ቀን የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ የሌለውን ኮምፒውተር በወጉ አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ያልጎደለው ኮምፒውተር ታቅፎ የቀረው ሰው ሁሉ እርስዎ እጅ ላይ ይወድቃል።

አርችን አናንቋሽሽም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የኖረ፣ የሚሠራውን ለሚያውቅ ሰው የተመቸ ሥርዓት ነው፤ ዊኪውን (የመመሪያ ድረ ገጹን) የሚንትና የኡቡንቱ ተጠቃሚዎችም ሲቸግራቸው ይከፍቱታል። ግን መጫኛው ፍላሽ ሲነሳ የሚቀበልዎት ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር ተርሚናል ነው። ዲስኩን ይከፍላሉ፣ መሠረታዊ ጥቅሎቹን (የሶፍትዌር እሽጎቹን) ይጭናሉ፣ ሥርዓቱን የሚያስነሳውን ቡትሎደር ያስገባሉ፣ ተጠቃሚ ይፈጥራሉ፣ መስኮትና ሜኑ የሚያሳየውን ዴስክቶፕ መርጠው ያክላሉ። «እሱማ በ2021 አርችኢንስቶል የሚባል መጫኛ መጣለት» እንደሚሉን እናውቃለን። እውነት ነው፣ መጫኑን አቅልሎታል። ከተጫነ በኋላ ያለውን ግን አላቀለለም፦ ስሪት የሚባል ነገር ስለሌለው አፕዴቱ ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ አልፎ አልፎም «በእጅ ካላስተካከላችሁ አይሆንም» የሚል ማስታወቂያ ገጹ ላይ ይወጣል። ያንን ሳያነብ ያሻሻለ ሰው ችግር ሊገጥመው ይችላል። ኮምፒውተሩን ለብዙ ወራት ሳያሻሽል ያስቀመጠም ሰው የጥቅሎቹን እውነተኛነት የሚያረጋግጡት የፊርማ ቁልፎች ሊያረጁበትና «አላምናቸውም» የሚል መልስ ሊጠብቀው ይችላል። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጠቅልለው ማቅረብዎ የቋንቋ ቁጠባዎን ያሳያል።

የሥጋ ዘመድዎን «ካሊ ጫን»ንም በዚሁ አጋጣሚ እናመሰግናለን። ካሊ ለኮምፒውተር ደህንነት ፍተሻ የተሠራ የሊኑክስ ስርጭት ነው፤ ሊኑክስ ለማያውቅ ሰው እንደማይመከር የገዛ ራሱ መመሪያ ይናገራል። ዘመድዎ ግን ከአዘጋጆቹ በላይ ያውቃሉ፤ የካሊ ዘንዶ ያለበት የዴስክቶፕ ሥዕል በቂ ምክንያት ነው።

እርስዎ መጠየቅ የረሱትን እኛ ብንጠይቅ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ እናደርጋለን። ራሙ 4 ጊጋ ባይት አካባቢ ከሆነ፣ ሊኑክስ ሚንት በኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፑ ይበቃል። 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሲናመን የሚባለው ዴስክቶፕ ያለ ሐሳብ ይሄዳል። ሚንት ዝቅተኛው 2 ጊጋ ነው ይላል፤ በ2 ጊጋ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ብሮውዘሩ ጥቂት ገጾች ሲከፍት ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የትኛውም ሊኑክስ አያድነውም። ባለ 32 ቢት አሮጌ ማሽን ከሆነም ዋና ዋናዎቹ ሥርዓቶች ትተውታል። ኮምፒውተሩ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ መቀየር የስርጭት ምርጫ ከሚያመጣው ለውጥ ሁሉ ይበልጣል። ይህን ነጥብ እርስዎ አፍ ላይ ሰምተነው አናውቅም፤ መጮኺያ ስለማይሆን ይመስለናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ይሠራበታል የሚለው ነው። ፎቶሾፕ የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው፣ ወይም ቫሎራንትንና ፎርትናይትን የሚጫወት ልጅ ያለው ቤት ዊንዶውስን ማጥፋት የለበትም፤ የጨዋታዎቹ የማጭበርበር መከላከያ ሊኑክስ ላይ አያስገባም። ብሮውዘር፣ ፊልም፣ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ ግን ሊብሬ ኦፊስና ፋየርፎክስ ይበቃሉ።

በእኛ ግምት ሚንት ለአብዛኛው ጀማሪ ይበቃል። ሜኑው የለመደው ቦታ ግራ ታች ጥግ ላይ አለ፣ የ22ኛው ተከታታይ ስሪት እስከ 2029 የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል፣ ድራይቨር ማኔጀሩም የሚጎድለውን ድራይቨር (የሃርድዌሩን አንቀሳቃሽ ሶፍትዌር) ይነግረዋል። የሥርዓቱን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ታይምሺፍትን ገና በመጀመሪያው ቀን ማብራት ነው፤ አፕዴት ሲያበላሽ ሲስተሙን ወደ ትናንት ይመልሳል። የግል ፋይልን ግን በራሱ አያስቀምጥም፣ ለእሱ ሌላ ባክአፕ ያስፈልጋል። ኡቡንቱም መልካም ነው፤ ሁለት ዓመት እየቆየ ኤፕሪል ላይ የሚወጣውን ባለ 5 ዓመት ድጋፍ ስሪት እስከመረጡ ድረስ። ጀማሪ ትልቁን ቁጥር አይቶ መካከለኛውን ስሪት ያወርድና ድጋፉ በ9 ወር ያልቅበታል። ዞሪን መልኩ ዊንዶውስ ስለሚመስል ዓይን አይጎዳም። ፌዶራ ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ስሪት የሚቆየው 13 ወር ገደማ ነው፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨርና ቪዲዮ የሚያጫውቱ አንዳንድ ኮዴኮችም ተጨማሪ የሶፍትዌር ማከማቻ ማብራት ይጠይቃሉ። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ለእነሱ ሲባል ከሚነሳው ጠብ በጣም ያንሳል።

ክቡር ሆይ፣ ጀማሪው የሚያለቅሰው ስርጭቱን ከመምረጡ ይልቅ በመጫኑ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ያን ጊዜ ሌላ ሰው ጋ «አርች ጫን» ለማለት ሄደዋል። ስለዚህ በሌሉበት የሚሆነውን እናሳውቅዎ።

ዲስኩ በዊንዶውሱ መቆለፊያ በቢትሎከር ከተቆለፈ፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መቼት) ውስጥ ምንም ከመነካቱ በፊት ባለ 48 አሃዙ የማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ሲነሳ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ዊንዶውስ ጎን ለጎን እንዲቆይ የሚፈልግ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን የዊንዶውስ አማራጭ ማጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ «ተዘጋሁ» እያለ የሚያንቀላፋ ስለሆነ ሊኑክስ የዊንዶውሱን የዲስክ ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ መጻፍ አይችልም።

የወረደውን የሊኑክስ መጫኛ ፋይል ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ሩፈስ ወይም ኤቸር የሚባል ፕሮግራም ነው የሚጽፈው፣ ፍላሹ ላይ ያለውንም ሁሉ ያጠፋል። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ከመጻፉ በፊት የኤስኤችኤ256 ድምሩ (የፋይሉ መለያ ቁጥር) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ቢመሳከር ግማሽ ወርዶ የተቋረጠ ፋይል መሃል ላይ አያስቀርም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ለማስነሳት ገና ሲበራ የሚጫኑት ኤፍ12፣ ኤፍ2 ወይም ኢስኬፕ ነው፤ እንደ አምራቹ ይለያያል።

ፍላሹ ሲነሳ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ የስክሪን ብርሃኑና ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መነሳቱ እዚያው ይታያሉ። ፍጥነቱን ግን በዚህ አይፍረዱ፣ ፍላሽ ሁልጊዜ ይዘገያል። የብሮድኮም ኩባንያ ዋይፋይ ካልሠራ ስልክን በኬብል አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት መጠቀም፣ ከዚያ ድራይቨሩን ማውረድ ነው። ስክሪኑ ከጨለመ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኤንቪዲያ ነው፤ በሚንት መነሻ ዝርዝር ላይ ያለውን የተኳኋኝነት አማራጭ ይዞ መግባት፣ ከተጫነ በኋላ ድራይቨር ማኔጀርን መክፈት ያስፈልጋል። ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጣል፣ ሪስታርት ሲደረግም ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ያንኑ ቃል ይጠይቃል። ጀማሪ ቫይረስ መስሎት «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል፤ ድራይቨሩም አይሠራም።

ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ኢንቴል አርኤስቲ የሚባለው የዲስክ አሠራር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ላይ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አሠራር መቀየር መፍትሔው ነው፣ ግን ዊንዶውስ ሳይዘጋጅ ከተቀየረ ዊንዶውሱ አይነሳም። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫም ቀልድ አያውቅም፣ ያጠፋል። ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሆነው ሰዓቱ ከተዛባ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፦ ዊንዶውስ የሃርድዌሩን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ። አንድ መስመር ትዕዛዝ ያስታርቃቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳንዱ ጀማሪ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ በገዛ ፈቃዱ አርችን ሊጭን ይችላል። ያኔ ከነባክአፑ፣ ከነጥያቄዎቹ ወደ እርስዎ እንልከዋለን፤ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንዲጠብቁ በአክብሮት እንጠይቃለን። ለሚያሳዩን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሠላምታ ጋር
ሚንት የጫኑና ሥራቸውን የቀጠሉ ሰዎች

ግልባጭ፦
ለ«ካሊ ጫን»
ለ«ማኑዋሉን አንብብ»፣ መጀመሪያ ራሳቸው እንዲያነቡት
ለ«ዊንዶውስ ምን አደረገህ?»፣ ቲፒኤም 2.0 ከነማዘርቦርዱ ገዝተው እንዲልኩልን